በቫይረሱና በዕጢው መካከል ያሉት ዓመታት

ካንሰርን በሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ የማህፀን በር ካንሰር ብዙም የማያከራክር ሆኖ ይቆጠራል፤ መነሻው ይታወቃልና። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሀውዘን በ1983 ከዕጢ ናሙና ውስጥ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ቁጥር 16ን፣ በዓመቱ ደግሞ ቁጥር 18ን ለይቶ ካወጣ በኋላ ስለ መንስኤው የነበረው ሙግት እየከሰመ ሄደ፤ ሰውየውም በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ (በዚህ ምዕራፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቫይረሱ ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖችን ይሠራል። ኢ6 የተበላሸ ሕዋስ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዘውን ፒ53 የተባለ ፕሮቲን ያስወግዳል፤ ኢ7 ደግሞ ሕዋስ ያለጊዜው እንዳይከፈል የሚይዘውን አር.ቢ. የተባለ ፕሮቲን ያሰናክላል። ነገሩ በዚህ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ቫይረሱ የገባባት ሴት ሁሉ በታመመች ነበር። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ከተያዙት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል መያዛቸውን ሳያውቁ በሁለት ዓመት ውስጥ ይገላገሉታል። ቫይረሱ የሚቆይባቸው ሴቶችም የመከላከል አቅማቸው ደህና ከሆነ ካንሰር እስኪደርስባቸው ከ15 እስከ 20 ዓመት፣ አቅሙ በኤች.አይ.ቪ. ከተዳከመና ሕክምና ካልተጀመረ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይፈጃል። በወሎ ደጋ፣ በመካነ ሰላም፣ በአጅባር ወይም በአቀስታ ዙሪያ በ18 ዓመቷ ያገባች ሴት በአርባዎቹ ዕድሜዋ ደም እየፈሰሳት ጤና ጣቢያ ብትመጣ፣ ነገሩ የተጠነሰሰው ምናልባት የመጀመሪያ ልጇን ባረገዘችበት ዘመን ነው። በዚያን ጊዜና በዛሬው መካከል በሕዋሷ ላይ ምን ሲከናወን ኖረ? የዚህ ምዕራፍ ክርክር ከመልሱ አንዱ ክፍል በሕዋስ ሽፋን ላይ ባሉ የአዮን ቻናሎች ውስጥ ይገኛል የሚል ነው። ዋና ጥቅማቸውም ብዙ ተመራማሪዎች ተስፋ እንደሚያደርጉት መድኃኒት የሚነጣጠርባቸው ዒላማ መሆናቸው ሳይሆን፣ የትኛዋ ሴት ወደ ካንሰር እያመራች እንደሆነ የሚጠቁም ምልክት መሆናቸው ነው።

ቫይረሱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ የሚያሳየው ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ የተገኘው ከአንድ በደል ነው። በኒው ዚላንድ፣ በኦክላንድ ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የሴቶች ሆስፒታል በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የማህፀን በራቸው ላይ ከባድ የቅድመ ካንሰር ለውጥ የታየባቸው ሴቶች ሳይነገራቸውና ሳይጠየቁ፣ በቂ ሕክምና ሳያገኙ በክትትል ብቻ እንዲቆዩ ተደረገ። ጉዳዩ ወጥቶ በ1987 በዳኛ ሲልቪያ ካርትራይት የሚመራ ኮሚሽን መረመረው። የእነዚያን ሴቶች መዝገብ ሌሎች ተመራማሪዎች ዳግም አገላብጠው በ2008 ባወጡት ውጤት፣ ለውጡ ሳይታከም ከቀረባቸው ውስጥ በ30 ዓመት ጊዜ ወደ ካንሰር የተሻገሩት 31 ከመቶ ያህሉ ናቸው። ቁጥሩ ሁለት ፊት አለው። ከሦስት አንዷን የሚቀጥፍ ነገር ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ ስለዚህ የተገኘ ለውጥ ሁሉ ይታከማል። ግን ደግሞ ከሦስቱ ሁለቱ፣ ያው ቫይረስ እያለባቸው፣ በአጉሊ መነጽር ያው ለውጥ እየታየባቸው፣ አልተሻገሩም። አንዷን ከሁለቱ የሚለየው ነገር በቫይረሱ ስምና ቁጥር ላይ የለም። ከፊሉ በሴትየዋ የመከላከል ኃይል፣ ከፊሉም በራሱ በሕዋሱ ጠባይ ላይ ነው።

ስለ ሕዋሱ ጠባይ ለመነጋገር ሽፋኑን ማወቅ ይበቃል። የመቅደላ አምባ ዙሪያውን ገደል ነው፤ መውጫና መግቢያው ኮኪት በርና ካፊር በር ነበሩ፣ የእንግሊዝ ጦርም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የገባው በኮኪት በር ነው። የሕዋስ ሽፋንም ለአዮን እንዲሁ ገደል ነው፤ ሽፋኑ ቅባት ስለሆነ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው የሶዲየም፣ የፖታሲየም፣ የካልሲየም ወይም የክሎራይድ ቅንጣት ሊሻገረው አይችልም። የሚያልፈው በቻናል ብቻ ነው፤ ቻናል ማለት ሽፋኑን ሰንጥቆ የተተከለ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ፣ እንደ ሁኔታው የሚዘጋና የሚከፈት ፕሮቲን ነው። ፖታሲየም ከውጭ ይልቅ በውስጥ 30 እጥፍ ያህል ይበዛል፤ ሶዲየም በውጭ ከ10 እጥፍ በላይ፣ ካልሲየም ደግሞ በውጭ 10 ሺህ እጥፍ። በር ሲከፈት ልዩነቱ ራሱ ስለሚገፋቸው በአንድ ቻናል በሰከንድ ሚሊዮኖች ይጎርፋሉ። ኤርቪን ኔኸርና በርት ዛክማን በጀርመን ጎቲንገን ከተማ በ1976 የአንድን ቻናል መከፈትና መዘጋት በቀጭን የመስታወት ቧንቧ ለክተው ካሳዩ በኋላ (ለዚህም በ1991 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል) ነገሩ ከግምት ወደ ልኬት ተሻገረ። ለረጅም ጊዜ ግን ቻናል የነርቭና የጡንቻ ጉዳይ ተደርጎ ነበር የሚታየው፤ ልብ እንዲመታ፣ እጅ እንዲንቀሳቀስ። የማህፀን በር ሽፋን ሕዋስ አይመታም፣ አይኮማተርም። ይሁን እንጂ እሱም መቼ እንደሚከፈል፣ ምን ያህል እንደሚያብጥ፣ ከጎረቤቱ ተላቅቆ ይሂድ ወይስ ይቆይ የሚለውን ከሚወስንባቸው ነገሮች መካከል በሽፋኑ ግራና ቀኝ ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነትና የሚገባው ካልሲየም ይገኙበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ቫይረሱ ራሱ ቻናል ይዞ መምጣቱ ነው። ኢ5 የሚባለው፣ ከኢ6 እና ከኢ7 ያነሰ ዝና ያለው ፕሮቲን፣ ስድስት ስድስት ሆኖ እየተሰበሰበ በሽፋን ውስጥ ቀዳዳ እንደሚሠራ የእንግሊዙ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 አሳይተዋል፤ ቀድሞ ለኢንፍሉዌንዛ ይሰጥ የነበረው ሪማንታዲን ሲጨመርበትም እንቅስቃሴው ይገታል። ኢ5 ባለበት ሕዋስ ውስጥ ከውጭ የገቡ ነገሮችን የሚፈጩት ትናንሽ ከረጢቶች እንደሚገባቸው አሲዳማ አይሆኑም። ከዚህ የተነሣ "እደግ" የሚለውን መልእክት የሚቀበሉት ተቀባይ ፕሮቲኖች ተፈጭተው በመጥፋት ፈንታ ተመልሰው ወደ ሽፋኑ ይወጣሉ፤ ሕዋሱም መቆም ያለበትን መልእክት ደጋግሞ ይሰማል። እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ካንሰሩ ከጎለበተ በኋላ የቫይረሱ ዘረመል ብዙውን ጊዜ ተቆርጦ ከሴትየዋ ክሮሞሶም ጋር ይጣበቃል፣ በመቆረጡም ኢ5 ይጠፋል። የሌለ ነገር እንዴት ተጠያቂ ይሆናል? ይህ ተቃውሞ ኢ5 ዕጢውን ተሸክሞ ይኖራል ለሚል ሰው ብርቱ ነው። እዚህ የሚባለው ግን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚመለከት ነው። ቫይረሱ ገና ራሱን ችሎ በሚኖርበት፣ ሕዋሶቹ ለውጥ በጀመሩበት ወቅት ኢ5 አለ፤ የሚጠፋውም ሕዋሱ ያለ እሱ መከፈልን ከለመደ በኋላ ነው።

ኢ5 ቢጠፋም የሴትየዋ የራሷ ቻናሎች ይቀራሉ። ከእነሱ መካከል በደንብ የተጠናው ኢ.ኤ.ጂ.1 የተባለው የፖታሲየም ቻናል ነው፤ በጤነኛ አዋቂ ሰው ከሞላ ጎደል በአንጎል ብቻ የሚገኝ። በ1999 ከዚያው ከጎቲንገን የወጣ ጥናት ይህን ቻናል በሌላቸው ሕዋሶች ውስጥ ሲያስገቡት ሕዋሶቹ ያለ ገደብ እንዲከፈሉና መከላከል በሌላቸው አይጦች ላይ ዕጢ እንዲያበቅሉ እንዳደረጋቸው አሳየ። በ2004 የሜክሲኮ ተመራማሪዎች ይህንኑ ቻናል በማህፀን በር ካንሰር ናሙናዎች ውስጥ አገኙት። በ2009 ደግሞ እነሱው አንድ ደረጃ አልፈው የቫይረሱ ኢ6 እና ኢ7፣ እንዲሁም ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን፣ የቻናሉን መጠን እንደሚያሳድጉት አረጋገጡ። ይህ ግኝት ብዙ ልጅ ለሚወልዱት የወሎ ደጋ ሴቶች ልዩ ክብደት አለው። ብዙ መውለድ ቫይረሱ ባለባት ሴት ላይ የካንሰሩን ዕድል እንደሚጨምር ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰበ መረጃ ቀድሞ አመልክቷል፤ በእርግዝና ጊዜ ኤስትሮጅን ወደ ላይ እንደሚወጣም የታወቀ ነው። ቫይረሱና ሆርሞኑ በአንድ ቻናል ላይ መገናኘታቸው በብዙ መውለድና በካንሰሩ መካከል ያለውን ዝምድና ሊያስረዱ ከሚችሉ መንገዶች አንዱ ነው። ብቸኛው ነው የሚል ካለ ግን ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል፤ ወሊድ የማህፀን በርን ይጎዳል፣ ለቫይረሱ የሚጋለጠውን የሕዋስ መጋጠሚያም ወደ ውጭ ያወጣዋል፣ እነዚህም የራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ሌሎቹን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። የታይዋን ተመራማሪዎች በ1995 የሕዋስ መጠን ሲለወጥ የሚከፈቱ የክሎራይድ ቻናሎችን ከማህፀን በር ካንሰር ጋር አያይዘዋል። በ2011 ደግሞ በሕዋሱ ውስጥ የተጠራቀመው ካልሲየም ሲጎድል አውቆ የሽፋኑን የካልሲየም በር የሚያስከፍተው ስቲም1 የተባለ ፕሮቲን፣ ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ባሉ ዕጢዎች በአብዛኞቹ ውስጥ ከዚያችው ሴት ጤነኛ ሕዋስ ይልቅ በዝቶ አግኝተውታል፤ መብዛቱም ከዕጢው ትልቅነትና ወደ ንፍፊት ከመዛመቱ ጋር ይሄዳል። የሶዲየሙ ነገር ትንሽ ቆም ያሰኛል። በ2012 ከሜክሲኮ የወጣ ጥናት ናቭ1.6 የተባለው የሶዲየም ቻናል የዘረመል መልእክት (ኤም.አር.ኤን.ኤ.) መጠን በካንሰሩ ናሙና ውስጥ ካንሰር ከሌለበት 40 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ ለካ። ተመራማሪዎቹ ቻናሉን ከጊንጥ መርዝ በተወሰደ ንጥረ ነገር ሲዘጉት ሕዋሶቹ መከፈላቸውን አልቀነሱም፣ መንቀሳቀሳቸውንም አላቆሙም፤ የቀነሰው ጎረቤት ሥጋን ሰብረው የመግባት ኃይላቸው ነው፣ እሱም በ20 ከመቶ ገደማ። ቻናሎች ሁሉ አንድ ሥራ የላቸውም ማለት ነው፤ አንዱ ለመብዛት፣ ሌላው ለመውረር። በሽታው በየትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳለ ሊናገሩ ይችሉ ይሆናል የሚለው ሐሳብ ከዚህ ይነሣል።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። የላቦራቶሪ ምርምሩ ትልቅ ድርሻ የተሠራው ሄላ በተባሉ ሕዋሶች ላይ ነው፤ በ1951 በዚሁ ካንሰር ከሞተችው አሜሪካዊት ሄንሪታ ላክስ ተወስደው ከዚያ ወዲህ በየአገሩ በማራቢያ ሣህን ሲራቡ የኖሩ። ሰባ ዓመት በሣህን ላይ የኖረ ሕዋስ ስለ ሕያው ሴት ምን ያህል ይመሰክራል? ከዚህም በላይ ካንሰር የሆነ ሕዋስ ብዙ ፕሮቲን ያለ ልክ ይሠራል፤ ቻናሉ ከነፈሰው ጋር የነፈሰ እንጂ ነፋሱን ያመጣ ላይሆን ይችላል። ለመጀመሪያው መልሱ ቀላል ነው፤ ከላይ የተጠቀሱት የሜክሲኮና የታይዋን ሥራዎች ከታካሚዎች በተወሰደ ናሙናና ከዚያው ናሙና በቀጥታ በበቀሉ ሕዋሶች ላይ ጭምር የተሠሩ ናቸው። ለሁለተኛው ግን ሙሉ መልስ የለም፤ በከፊል ልቀበለው እወዳለሁ። ኢ.ኤ.ጂ.1ን ማስገባት ዕጢ ማብቀሉ፣ ማገዱም እድገትን መቀነሱ ተሳፋሪ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል። ቢሆንም ቫይረሱ ሳይኖር ቻናል ብቻውን ይህን ካንሰር ያመጣል የሚል ማስረጃ የለም። ቻናሎች የቫይረሱ ግብረ አበሮች ናቸው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ለምልክትነት ደግሞ ግብረ አበር መሆን ይበቃል፤ የሚፈለገው መንስኤ መሆኑ ሳይሆን በትክክለኛው ጊዜ መታየቱ ነው።

"ይህ ሁሉ ለመካነ ሰላም ምኗ ነው?" የሚለው ጥያቄ ከሳይንስ ሳይሆን ከኑሮ የሚመጣ ነው፣ መልስም ይገባዋል። በኢትዮጵያ በ2020 ብቻ 7,445 ሴቶች በዚህ ካንሰር እንደተያዙና 5,338 እንደሞቱ ተገምቷል። በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች ተመርምረው የሚያውቁት 2.9 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከመካነ ሰላም ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጨረር ሕክምና ደግሞ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ በአገሪቱ በአንድ ቦታ፣ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር። እዚያም ቢሆን አብዛኞቹ የሚደርሱት ዕጢው ከማህፀን በር ካለፈ በኋላ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ መቅደም ያለበት ክትባትና ምርመራ እንጂ የሽፋን ፕሮቲን አይደለም የሚለውን ሰው እከራከረዋለሁ ብል ዋሾ እሆናለሁ። ክትባቱ በ2018 መጨረሻ የ14 ዓመት ልጃገረዶችን በትምህርት ቤት በመከተብ ተጀምሯል፣ በኋላም ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ እንዲሰጥ ተደርጓል። ግን ክትባት የሚከላከለው ገና ያልተያዘችውን ነው። እናቷና አክስቷ በእነዚያ ዝምተኛ ዓመታት ውስጥ ናቸው፤ ለእነሱ ያለው ምርመራ ብቻ ነው።

ምርመራውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በጤና ጣቢያው የምትሠራው ሲስተር ስፔኩለም አስገብታ የማህፀን በሩን በባትሪ ብርሃን ታያለች፤ ከዚያ ከ3 እስከ 5 ከመቶ በሆነ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በአቼቶ ውስጥ ባለው በዚያው አሲድ፣ ጥጥ ነክራ ትቀባውና አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። የተለወጡት ሕዋሶች ኒውክለሳቸው ትልቅና የታጨቀ ስለሆነ አሲዱ ፕሮቲናቸውን ሲያረጋው ቦታው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ነጭ ካለ፣ ቦታው ሰፊ ካልሆነ፣ እዚያው በዚያው ቀን በብርድ ወይም በሙቀት መሣሪያ ይቃጠላል። ርካሽ ነው፣ ውጤቱን ለመስማት ሌላ ቀን መምጣት አይጠይቅም፤ ሦስት ሰዓት በእግር ለመጣች ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፓዝፋይንደር ኢንተርናሽናል አዲስ ተስፋ በተባለው ፕሮጀክት ኤች.አይ.ቪ. ባለባቸው ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ ከ2010 እስከ 2014 ይህንኑ ሞክሮ ከመቶ አሥሩ ያህል ነጭ ለውጥ እንደታየባቸው፣ በብርድ ሊታከሙ ከሚችሉት ውስጥም ከሞላ ጎደል ሁሉም እንደታከሙ አሳይቷል። ድክመቱ ግን በዓይን መመርኮዙ ነው። ነጭ የሚሆነው የካንሰር መንገድ የጀመረ ቦታ ብቻ ሳይሆን የተቆጣና በመዳን ላይ ያለ ሥጋም ነው፤ አንዷ ሲስተር አለ ያለችውን ሌላዋ የለም ትላለች። ወር አበባ ካቆመ በኋላ ደግሞ መታየት ያለበት መጋጠሚያ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ዓይን አይደርስበትም። የዓለም ጤና ድርጅት አሁን የሚያስቀድመው የቫይረሱ ዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ይህን ያስተካክላል፤ ሴትየዋ ናሙናውን ራሷ ልትወስድ ትችላለች። ነገር ግን ቫይረሱ አለ የሚለው ውጤት ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመልሰናል፤ ካለባቸው ውስጥ ወደ ካንሰር የምታመራው የትኛዋ ናት? ሁሉም ደሴ ይላኩ ቢባል የሪፈር ወረቀት ይዞ የሚቀር ይበዛል።

የቻናል ምልክት የሚገባው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። በ2011 የሜክሲኮዎቹ ተመራማሪዎች ኢ.ኤ.ጂ.1ን በተራ የማህፀን በር ጥራጊ ላይ ፈልገው፣ ቀላል ለውጥ ካላቸው ይልቅ ከባድ ለውጥ ባላቸው ሴቶች ናሙና ላይ አብዝተው አገኙት። ለዚህ የሚያስፈልገው የሴትየዋን ቻናል መንካት አይደለም፤ ከእሷ የተወሰደን ጥራጊ በፀረ እንግዳ አካል መቀባት ነው። ልዩነቱ ከፍተኛ ነው፣ ቻናልን በመድኃኒት የመዝጋት ሕልም ስንት መሰናክል እንዳለበት ስናስብ። ኢ.ኤ.ጂ.1ን የሚዘጋ መድኃኒት ከዓመታት በፊት በመደብር ይሸጥ ነበር፤ አስቴሚዞል የተባለ የአለርጂ ክኒን። በ1999 ከገበያ የወጣው የልብን ምት የሚያዛባ ስለሆነ ነው፣ ምክንያቱም የልብ ምትን ከሚያስተካክሉት አንዱ የሆነው ኸርግ የተባለ ቻናል የኢ.ኤ.ጂ.1 የቅርብ ዘመድ ነው፤ አንዱን ሲዘጉ ሌላው አብሮ ይዘጋል። የልብ መመርመሪያ በየቦታው በማይገኝበት አገር እንዲህ ያለውን ክኒን ለወራት መስጠት አይታሰብም።

ለምልክትነቱም ቢሆን ያልተዘጋ ቀዳዳ አለ። ፒ16 የተባለ ሌላ ምልክት፣ ኢ7 በሥራ ላይ መሆኑን የሚያሳይ፣ ከቻናሎቹ ቀድሞ ወደ ሕክምና ገብቷል፤ ኢ.ኤ.ጂ.1 ወይም ናቭ1.6 ከእሱ በላይ የሚጨምሩት ነገር እንዳለ መታየት አለበት። ከባዱ ደግሞ ይኸው የ2011 ጥናት ራሱ ያነሣው ነው፤ ቻናሉ ለውጥ ባልታየባቸው አንዳንድ ሴቶች ጥራጊ ላይም ተገኝቷል። እነዚህ ሴቶች ገና ያልታየ ለውጥ ተሸክመዋል ወይስ ቻናሉን ያሳደገባቸው ሆርሞን ብቻ ነው? አንድ ጊዜ በተወሰደ ናሙና ይህ አይፈታም። የሚፈታው እነዚያኑ ሴቶች በየሦስት ዓመቱ እየጠሩ ለአሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በመከታተል ነው፤ እንዲህ ያለው ሥራ ደግሞ ከጎቲንገን ላቦራቶሪ ይልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እያንዳንዱን ቤትና እናት በስም በምታውቅበት፣ ሴቶቹ ብዙ ልጅ በሚወልዱበት፣ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ግቢ ያለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝበት አካባቢ ሊሠራ የሚችል ነው። ጥራጊውን በስላይድ ቀብቶ በአልኮል ማቆየት ውድ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ስሟና ቀበሌዋ በትክክል የተጻፈበት፣ ሠራተኛ ሲቀያየር የማይጠፋ መዝገብ ነው።